ለደጋ የሚሆን ካምሻፍት፦ ከጋሸና ዳገት የተማርሁት

(በፋኩልቲው አዳራሽ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለእንግዶች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



እጄ ላይ ያለውን ብረት ከኋላ የተቀመጣችሁ ላታዩት ትችሉ ይሆናል። ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር ያነሰ ነው፤ ሁለት ጉብታዎች አሉት፤ የአንደኛው ጉብታ አፍንጫ አይጥ የቀረጠፈው ይመስላል። ከአንድ ባለ አንድ ሲሊንደር የጉዞ ሞተር ሳይክል የወጣ ካምሻፍት ነው። ሞተር ሳይክሉ የእኔ ነው፤ ካምሻፍቱ እንዲበላ ያደረግሁትም እኔው ነኝ።

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይህ ብረት ሲያልቅ በምትኩ የትኛውን እንግዛ? ጥያቄው የጋራዥ ጥያቄ ይመስላል፤ እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲያ ይመስለኝ ነበር። መልሱን ስስት ግን ዋጋውን የከፈልሁት እኔ ብቻ አልነበርሁም፤ ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱም ከፍሎበታል። ስለዚህ ንግግሬ ከፊሉ ትምህርት፣ ከፊሉ ኑዛዜ ነው።

ከሌሎች የትምህርት ክፍሎች ለመጣችሁ ጥቂት ላብራራ። ባለ አራት ምት ሞተር አየርና ቤንዚን ይስባል፣ ያምቃል፣ ያቃጥላል፣ ጭሱን ያስወጣል። ይህ ሁሉ ሲፈጸም ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ ካምሻፍቱ ግን በካቴና እየተጎተተ አንድ ጊዜ ብቻ። በዚያች አንድ ዙር አንደኛው ጉብታ አስገቢውን ቫልቭ፣ ሌላኛው አስወጪውን ገፍቶ ይከፍታል፤ ጉብታው ሲያልፍ ሞላው ቫልቩን ወደ መቀመጫው ይመልሰዋል። የትኛው በር መቼ እንደሚከፈት፣ ምን ያህል እንደሚከፈት፣ መቼ እንደሚዘጋ በጉብታው ቅርጽ ላይ ተጽፏል። አብዛኞቹ ሞተሮች አንዴ ከተገጣጠሙ በኋላ ያንን ጽሑፍ የሚያርመው የለም።

ስለ ቃላት አንድ ነገር ልበል። ቫልቩ ከመቀመጫው የሚነሣበትን ልክ በክፍል ውስጥ «ከፍታ» እያልን እንጠራዋለን። ዛሬ ስለ ላስታ ከፍታም ስለምናገር፣ ሁለቱ እንዳይምታቱ የቫልቩን «አነሣሥ» እለዋለሁ። ቫልቩ ክፍት ሆኖ የሚቆይበት የክራንክ ዲግሪ «ቆይታ» ይባል፤ ሁለቱም ቫልቮች በአንድነት ክፍት የሚሆኑበት ጊዜ «መደራረብ»። የመለዋወጫ ካታሎጎች በጉልህ የሚያትሙት አነሣሥንና ቆይታን ነው። እኔ ዛሬ የምሟገትለት ግን በደቃቅ ፊደል ለተጻፈው ቁጥር ነው፤ አስገቢው ቫልቭ ለሚዘጋበት ዲግሪ።

ሞተር ሳይክሉን በ2005 ዓ.ም. በጨረታ ገዛሁት። 595 ሲሲ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ የእመቃ ምጣኔው 8.5 ለ1፣ ረጅም መንገድ በጭነት እንዲሄድ የተሠራ። የተወለድሁት ላስታ ነው፤ እናቴ ላሊበላ ትኖራለች። ከኮምቦልቻ ወደ እርሷ በአውቶቡስ ለብዙ ዓመታት ስመላለስ ኖሬ በገዛ ሞተሬ መሄድ እንደ ሹመት ነበር የታየኝ። የዘይቱን ነገር ግን ችላ አልሁ። የዚህ ዓይነት ሞተር ካምሻፍት የሚቀመጠው ከላይ፣ በቴስታታው ውስጥ ነው፤ ዘይት የሚደርሰው ሽቅብ ተጉዞ ነው። የዘይቱ ልክ ሲጎድል ቀድሞ የሚጠማው እርሱ ነው። በሁለተኛው ዓመት ከቴስታታው ቶክ ቶክ የሚል ድምፅ መጣ። ክዳኑን ስከፍት የአስወጪው ጉብታ ተልጦ፣ በማይክሮሜትር ሲለካም ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ አጥሮ አገኘሁት። ያ ብረት ይኸው ነው።

በውጭ ሀገር ያለ ወዳጄ ካታሎግ ላከልኝ። ሦስት አማራጭ ነበር፦ የፋብሪካው ዓይነት፣ ከእርሱ ጥቂት ከፍ ያለ፣ እንዲሁም ቆይታውም አነሣሡም የረዘመ «የስፖርት» የተባለ። የዶክትሬት ጥናቴ በቫልቭ ውስጥ ስለሚያልፍ የአየር ፍሰት ነበር። እንዲህ ያለ ሰው የፋብሪካውን ካም ይገዛል? አልገዛሁም። ሦስተኛውን አዘዝሁ፤ በ2007 ዓ.ም. ክረምት በእጄ ገጠምሁት፤ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወርደው መንገድም ሞከርሁት። በደቂቃ ከ5,000 ዙር በላይ ሲሆን ሞተሩ ሌላ ፍጥረት ይሆን ነበር። በደስታዬ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ፤ ለአንዳንዱም መከርሁ። ወደዚህ ምክር እመለሳለሁ።

በ2008 ዓ.ም. ለገና ሦስት ቀን ሲቀረው የታናሽ እኅቴን ልጅ ከኋላ አስቀምጬ፣ ለእናቴ ቡናና ስኳር ጭኜ ተነሣሁ። እስከ ወልድያ መልካም ነበር። ከወልድያ በኋላ መንገዱ ወደ ድልብ ሽቅብ ይጠማዘዛል፤ ከዚያም ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋው የጋሸና አምባ ይመጣል። እዚያ ዳገት ላይ ሞተሩ ትንፋሹ ተቆረጠ። በሁለተኛ ማርሽ ዙሩ ከ3,000 በታች ሲወርድ ይንተፋተፋል፤ በአንደኛ ሳስጮኸው ይጎትታል፤ ነገር ግን ኩርባ ላይ ለመዞር ቤንዚን በቀነስሁ ቁጥር ተመልሶ ይሞታል። ፍሪሲዮኑ መሽተት ጀመረ። የእኅቴ ልጅ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «አጎቴ፣ ልውረድ እንዴ?» አለኝ። ወረደ። ነጠላቸውን ያጣፉ፣ በእግራቸው ወደ ላሊበላ የሚጓዙ የገና ምእመናን አለፉን፤ አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው «አይዟችሁ» አሉን። የዶክትሬት ጥናቴ ጥራዝ በዚያች ሰዓት ምንም አልረዳኝም።

ላሊበላ የገባነው ከመሸ ነው። በማግስቱ ባጃጆችንና ሞተር ሳይክሎችን ወደሚጠግን አንድ ወጣት ሄድሁ። የግፊት መለኪያ የለውም። ሞተሩን ሳያስነሣ መርገጫውን በእግሩ ቀስ ብሎ ተጫነው፤ ደገመው፤ ከዚያ አጠገቡ የነበረውን የሌላ ሰው ሞተር እንዲሁ ተጫነው። «ጋሼ፣ ይኸ ሞተር ቆለኛ ነው፤ ደጋ አልለመደም» አለኝ። ቀጠለና «ምን ቀየሩበት?» ሲል ጠየቀ። ካርቡራተሩ እንደሆነ ነገርሁት፤ እውነትም በቀጭኑ አየር ቤንዚኑ በዝቶበት ነበርና ዋናውን የነዳጅ ቀዳዳ በአነስተኛ ለወጠልኝ። ጥቂት ተሻለው። «ግን ሕመሙ ይኸ አይደለም፤ እግሬ ላይ አይመልስም» አለ። ካሙን እንደቀየርሁ የነገርሁት ከዚህ በኋላ ነው፤ እያፈርሁ።

እግሩ የነገረውን ነገር ወረቀት ላይ ለማግኘት እኔ አንድ ምሽት ፈጀብኝ። ስሌቱን አብረን እንሥራው፤ ተማሪዎች ማስታወሻ ያዙ።

የሲሊንደሩ ስፋት 95፣ የፒስተኑ ምት 84 ሚሊ ሜትር ነው። የማገናኛ ዘንጉን ርዝመት ለምሳሌ ያህል 147 ሚሊ ሜትር እንበል። ፒስተኑ የታች ጫፉን ነክቶ ወደ ላይ መመለስ ሲጀምር አስገቢው ቫልቭ ገና ክፍት ነው። የፋብሪካው ካም የሚዘጋው ከታች ጫፍ በኋላ 50 ዲግሪ ላይ ነው፤ እኔ የገዛሁት 70 ላይ። ሃያ ዲግሪ ምን አላት ትሉ ይሆናል። በ50 ዲግሪ ላይ ከምቱ 86 በመቶ ያህሉ ለእመቃ ይቀራል፤ በ70 ላይ 73 በመቶ ያህሉ ብቻ። ቫልቩ እስኪዘጋ ድረስ ፒስተኑ አየሩን አያምቅም፤ ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ስለዚህ በመጽሐፉ 8.5 ለ1 የተባለው ምጣኔ በፋብሪካው ካም 7.5፣ በእኔ ካም 6.5 ለ1 ሆነ ማለት ነው። በ1.3 የእመቃ አርቢ ስናሰላ፣ በባሕር ወለል ላይ የመጀመሪያው ወደ 13.7፣ ሁለተኛው ወደ 11.4 የከባቢ አየር ግፊት ይሰጣሉ።

አሁን ወደ ጋሸና እንውጣ። በመደበኛው የከባቢ አየር ሠንጠረዥ መሠረት በ3,000 ሜትር ላይ ግፊቱ 70 ኪሎ ፓስካል ያህል፣ የአየሩ እፍግታም ከባሕር ወለሉ 74 በመቶ ነው። የፋብሪካው ካም ወደ 9.5 ይወርዳል፤ የእኔ ወደ 7.9። ያ ሞተር ሲነደፍ በባሕር ዳርቻ ከነበረው 13.7 ጋር አስተያዩት፤ ከግማሽ ጥቂት የሚበልጥ ነው የቀረው። ወጣቱ በእግሩ የለካው ይህንን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳንሠራ። ቀጭኑ አየር ረጅሙን ካም በተለየ ሁኔታ አይጎዳውም፤ የሁለቱ ካሞች ንጽጽር ባሕር ዳርም ሆነ ደጋ ላይ ያው ነው። የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በሙቀት እንጂ በግፊት ስላልሆነ በመሳቢያ ቱቦው ውስጥ የሚመላለሰው ሞገድም ብዙ አይለወጥም። የሚለወጠው ትርፉ ነው። በባሕር ወለል ላይ ባለ 600 ሲሲ ሞተር ከበቂ በላይ ጉልበት ስላለው ከታችኛው ዙር ጥቂት ቢሰረቅበት ነጂው አያውቅም። ዳገቱ ግን ስለ ከፍታው ቅናሽ አያደርግም። ሞተር ሳይክሉ፣ ሁለት ሰውና ጓዙ 320 ኪሎ ቢሆኑ፣ በየአሥር ሜትሩ አንድ ሜትር የሚወጣ መንገድ ላይ ወደ ኋላ የሚጎትታቸው ኃይል ከ310 ኒውተን በላይ ነው፤ ወልድያም ላይ፣ ጋሸናም ላይ፣ የትም። ከፍታው ከሞተሩ አንድ ሦስተኛ ያህል ወሰደ፤ ከቀረው ላይ እኔ በምርጫዬ ሌላ ቀነስሁ።

በተቃራኒው ዙሩ ሲጨምር ታሪኩ ይገለበጣል። በ6,000 ዙር ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ፍጥነት ስላለው ፒስተኑ መመለስ ከጀመረ በኋላም መግባቱን ይቀጥላል፤ ዘግይቶ የሚዘጋ ቫልቭ ያንን ተጨማሪ አየር ይቀበላል። የሐርቡ ደስታዬ ከዚህ የመጣ ነው፤ ሐሰት አልነበረም። ለጠፍጣፋ መንገድና ለፈጣን ነጂ እውነት ነው። የጓዝ ጉዞ በላስታ ግን የሚካሄደው ከ2,000 እስከ 4,000 ባለው ዙር መካከል ነው፤ ጠጠር ላይ፣ ከመንጋና ከሰው ጋር እየተጋፉ።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ያሳስበኛል። የፈተና ጥያቄዎቻችንን ተመልከቱ፦ «ሞተሩ በ101.3 ኪሎ ፓስካል አየር ቢስብ» ብለው ይጀምራሉ። እኔም ለዓመታት እንዲያ ጽፌያለሁ። በዚህ አዳራሽ ያለን ሰዎች አብዛኞቻችን 101.3 ኪሎ ፓስካል የሚባለውን አየር በሕይወታችን ተንፍሰነው አናውቅም። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አልፋ ትገኛለች፤ ደሴም ላሊበላም ወደ 2,500 ይጠጋሉ። ከመጽሐፍ የገለበጥነው ቁጥር የሌላ ሀገር አየር ነው።

ወደ ምክሩ ልመለስ። ገና ሐርቡ መንገድ ላይ እየፈነጠዝሁ ሳለሁ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደውሎልኝ ነበር። በአንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት የሞተር ሳይክሎች ጥገና ባለሙያ ነው፤ ከሞተሮቹ ሁለቱ የክትባት ሣጥን ተሸክመው ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወጡ ባለ 125 ሲሲ ነበሩ። ካማቸው አልቋል፤ ግዢ ሊጠይቅ ነው። «ዶክተር፣ ምን ዓይነት ልጠይቅ?» አለኝ። ረዘም ያለ ቆይታ ያለውን እንዲያዝ ነገርሁት፤ ምክንያቱንም በጽሑፍ ላክሁለት፤ እርሱም ከግዢ ጥያቄው ጋር አያያዘው። ከፍ ሲል በነገርኋችሁ ጉዞ ማግስት፣ ስሌቱን ስጨርስ፣ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ እርሱ ነው። ደወልሁ። ካሞቹ ከተገጠሙ ሁለት ወር ሆኗቸው ነበር።

ከ4,200 ሜትር በላይ የሚደርሰውን የአቡነ ዮሴፍን ተራራ የምታውቁ፣ በዙሪያው ያሉት መንደሮች መንገድ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ባለ 600 ሲሲው እንኳ ተሸንፏል፤ ባለ 125ቱን ክትባት ሰጪዎቹ እየገፉ ነበር የሚያወጡት። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ እየሟሟ ሰው ዳገት ላይ ሞተር ይገፋል። አንዷ ባለሙያ ሞተሩን ትታ ሣጥኑን በጀርባዋ አዝላ መሄድ ጀምራ እንደነበር ነገረኝ። ሌላው ነገር ደግሞ አለ፦ «ያልተገባ መለዋወጫ አስገዝተሃል» ተብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶት ነበር። ስሜ ያለበት ወረቀት ከጥያቄው ጋር ተያይዟል፤ ማስጠንቀቂያው ላይ ግን ያለው የእርሱ ስም ብቻ ነው። ስሕተቱ የእኔ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ለመሥሪያ ቤቱ ጻፍሁ። የፋብሪካውን ዓይነት ሁለት ካምሻፍት በራሴ ወጪ አስመጥቼ በየካቲት አብረን ገጠምናቸው። ማስጠንቀቂያው ከማኅደሩ ይውጣ አይውጣ እስካሁን አልነገረኝም፤ እኔም ደግሜ ለመጠየቅ አፍሬያለሁ።

እንግዲህ አንድ ባልደረባዬ ይህን ጽሑፍ አስቀድሞ አንብቦ «የፋብሪካውን ግዙ ማለትህ ከሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር አትጨርሰውም?» ብሎኛል። ቢቻል እጨርሰው ነበር። ሀገራችን ውስጥ የሚሄዱት የጉዞ ሞተሮች ግን ብዙዎቹ ያረጁ ናቸው፤ የፋብሪካው ካም ከምርት ወጥቶ ይሆናል፤ ወይም ሶማሌ ተራ ተሂዶ የሚገኘው በሣጥኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ትክክል ሆኖ ውስጡ ያለው ብረት ለሌላ ዓመት ሞዴል የተሠራ ይሆናል። በአንድ ስም የሚጠራ ሞተር እንኳ ውስጡ አንድ አይደለም። የቢ.ኤም.ደብሊውን የቆዩ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተሮች ውሰዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 በወጣው ትውልድ አነስተኞቹ አር 50/5 እና አር 60/5 ባለ 284 ዲግሪ ካም ነበራቸው፤ አር 75/5 ባለ 308። ለ1979 ሞዴል ደግሞ የካሙ ካቴና ከድርብ ወደ ነጠላ ተለወጠ። ቁጥሩን ሳያይ «የቢ.ኤም.ደብሊው ካም» ብሎ የሚገዛ ሰው ምን እንደገዛ አያውቅም። እኔ ላስታ ለሚኖር ነጂ ከሁለቱ ምረጥ ብባል 284ቱን እመርጣለሁ፤ አጭሩን።

ስለዚህ አሮጌውን ሳትይዙ ገበያ አትውጡ። የተበላ ካም እንኳ ብዙ ይናገራል፤ የአስገቢው ጉብታ ብዙ ጊዜ ከአስወጪው ያነሰ ስለሚበላ ከእርሱ መለካት ይቻላል። የጉብታውን ቁመትና የመነሻ ክቡን ለኩ፤ ልዩነታቸው አነሣሡን ይነግራችኋል፤ ሮከር ካለው የሮከሩን ምጣኔ አባዙበት። ካሙን ሞተሩ ላይ አስቀምጣችሁ፣ ክራንኩ ላይ ባለ ዲግሪ ዲስክ አስራችሁ፣ ቫልቩ ላይ ዳያል ጌጅ ደግፋችሁ አስገቢው የሚዘጋበትን ዲግሪ አንብቡ። በሻጩ ወረቀት ላይ ያለው ዲግሪ ከየትኛው የቫልቭ አነሣሥ እንደተለካ ጠይቁ፤ አንዱ ቫልቩ ጨርሶ ሲቀመጥ፣ ሌላው 1 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ይለካል፤ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ማወዳደር የዓድዋን መንገድ በማይል፣ የጎንደርን በኪሎ ሜትር ለክቶ ማወዳደር ነው።

አሮጌውን ሞልቶና ሞርዶ ማደስስ? ቶርኖ ቤቶቻችን በዚህ ረገድ የሚደነቅ እጅ አላቸው። ጥንቃቄው ሁለት ነው። የካም ላይኛው ቆዳ ብቻ ነው ጠንካራ የሚደረገው፤ ሲሞረድ ያ ቆዳ ከተነሣ ከሥሩ ያለው ብረት በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ያልቃል። ሞረድ ይዛችሁ በማይሠራው ጠርዝ ላይ ሞክሩት፤ የሚያንሸራትት ከሆነ ጥሩ፣ የሚነክስ ከሆነ ተውት። ሁለተኛ፣ የመነሻ ክቡ ሲቀንስ የቫልቩ ማስተካከያ ብሎን እስከ መጨረሻው ወጥቶ አሁንም ክፍተቱን ላይሞላ ይችላል። ይህን ከመግጠም በፊት ማስላት ይቻላል፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ ቴስታታው ከተዘጋ በኋላ ነው የምናውቀው።

አዲስ ካም በአሮጌ ሮከር ላይ መግጠም ደግሞ ወጪን ሁለት ጊዜ ማውጣት ነው። የተቦረቦረ ሮከር አዲሱን ጉብታ ይልጠዋል። አሮጌው ለምን እንደሞተ ሳይታወቅ አዲስ መግዛትም እንዲሁ፤ የእኔ የሞተው ዘይት አጥቶ ነው፤ ወደ ቴስታታው የሚወጣው የዘይት መስመር ብሎን ግማሹ በቆሻሻ ተደፍኖ ነበር። ቀዳዳውን ሳላጸዳ ምርጡን ካም ብገጥም ኖሮ ይኸ ብረት ወንድም ያገኝ ነበር። አነሣሡ ከቀድሞው የበለጠ ካም የሚገጥም ሰው ደግሞ ፒስተኑና ቫልቩ እንዳይገናኙ በፒስተኑ ራስ ላይ ለስላሳ ሰም አድርጎ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙሮ የተጨፈለቀውን ውፍረት ይለካ። በተለምዶ ለአስገቢው 1.5፣ ለአስወጪው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይፈለጋል።

የተሳሳተ ካም የገባበት ሰው ካቴናውን አንድ ጥርስ አሳልፎ ቫልቩ ቀድሞ እንዲዘጋ ማድረግ አይችልም ወይ? ላሊበላ በዚያች ሌሊት እኔም አስቤዋለሁ። የካሙ ጥርስ 34 ቢሆን አንድ ጥርስ በካሙ 10.6፣ በክራንኩ 21 ዲግሪ ያህል ነው። መዝጊያው ወደ 49 ይመለስልኛል፤ መክፈቻውም አብሮ በ21 ዲግሪ ይቀድማል፤ ቫልቩና ፒስተኑ ይሳሳማሉ። የብሎን ቀዳዳው ሞላላ የሆነ የካም ጥርስ ካለ ግን ሦስት አራት ዲግሪ ማስቀደም የታችኛውን ዙር በእርግጥ ይረዳል። ቀላል ማስተካከያ ነው፤ ተአምር አይጠበቅበት።

አንዳንድ ፋብሪካዎች ይህንን የሁለት ዓለም ችግር በንድፍ ፈትተውታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የቀረበው ቢ.ኤም.ደብሊው አር 1250 ጂኤስ በአስገቢ ካሙ ላይ ለእያንዳንዱ ቫልቭ ሁለት ጉብታ አለው፤ አንዱ ለዝቅተኛ ጭነት፣ ሌላው ለሙሉ ጉልበት። ካሙ ራሱ ወደ ጎን ተንሸራትቶ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ሮያል ኢንፊልድ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ሂማላያን በአንጻሩ ያለ ምንም ብልሃት ትሑት መንገድ መረጠ፦ 411 ሲሲ፣ 24.5 የፈረስ ጉልበት ብቻ፣ ነገር ግን 32 ኒውተን ሜትር ቶርኩን ከ4,000 እስከ 4,500 ዙር ላይ ይሰጣል። በካታሎግ ውድድር ይሸነፋል። ስሙን ያገኘበትን ተራራ ግን ነዳፊዎቹ አልረሱትም።

ከጥያቄ በፊት አንድ ተቃውሞ ራሴ ላንሣ። አጭር ካም ለደጋ ከሆነ ከፋብሪካውም አሳጥረን ብንወስደውስ? መዝጊያውን ወደ 40 ዲግሪ ብናመጣው በ3,000 ሜትር ላይ እመቃው ከ9.5 ወደ 10 የከባቢ አየር ግፊት ከፍ ይላል፤ ስድስት በመቶ ገደማ ነው። ሞተሩ ከላስታ የማይወጣ ከሆነ እሺ። ግን የጉዞ ሞተር ነው። ያው ነጂ በሳምንቱ ወደ ቆቦ ይወርዳል፤ ከዚያም አልፎ 500 ሜትር ገደማ ወዳለው ወደ ሚሌ ሊሄድ ይችላል። እዚያ አየሩ ወፍራምና ትኩስ ነው፤ ቤንዚኑ ደካማ ከሆነ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ማንኳኳት ፒስተን ይበሳል። ስለዚህ እኔ ለራሴ የፋብሪካውን 50 ዲግሪ መርጫለሁ፤ ማስተካከያውን ከካሙ ይልቅ በካርቡራተሩና በኋላው ጥርስ ላይ አደርጋለሁ። ከኋላ ሁለት ጥርስ የበለጠ ጥርስ አስገብቻለሁ። ባለፈው ገና የእኅቴ ልጅ ከወልድያ እስከ ላሊበላ አልወረደም፤ አሁን ግን ከበፊቱ ይልቅ ወፍሯል።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ካምሻፍት አሉ፦ የተበላው፣ የስፖርቱና አሁን ሞተሩ ላይ ካለው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ። ዲስኩ፣ ዳያል ጌጁና ማይክሮሜትሩም አሉ። ስማቸውን ሸፍኛለሁ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ቅድሚያ ይኑራቸው፤ ለክታችሁ የትኛው የቱ እንደሆነ ጻፉልኝ። መልሱን የሚያውቀው የላቦራቶሪው ረዳታችን ነው፤ እባካችሁ እርሱን አትጠይቁ።